እኔ ይግባኝ፣ አንተ ይግባህ

«ሀበሻ ሕግ አይገባውም፤ የሚገባው ዱላ ነው» አልክ። አልክና ደገምከው። ደግመህ ማኪያቶህን ፉት አልክ። ከአፍህ ከወጣውና ወደ አፍህ ከገባው ደህናው የገባው ነው።

እናንተ ዙሪያውን የተቀመጣችሁ፣ ወንበር ሳብ ሳብ አድርጉና ፍረዱን! አየህ? «ፍረዱን» ስላቸው አንድም ሰው ዱላ ፍለጋ አልተነሳም። ሁሉም ጆሮውን አቀና። ይሄ ሕዝብ ዳኛ ነው፤ ዱለኛው አንተ ነህ።

ለመሆኑ «ሀበሻ» ስትል አንተ የት ቆመህ ነው? ከውስጡ ካለህ ዱላው ካንተ ይጀምር፤ ጀርባህን አዙር። ከውጭ ከሆንክ ደግሞ ምን አገባህ? ዱላውን ለራስህ እንዳልቆረጥከው ያስታውቃል፤ ለጎረቤት ነው። ቅጥ ያጣ ሰው ለሌላው ቅጣት ይመኛል። «ሕዝቡ ዱላ ይፈልጋል» የሚለውን ሰው ሁሉ ልብ በሉ፤ እስካሁን አንዱም «እኔን ምቱኝ» ሲል አልተሰማም።

ገበያ መሀል ሁለት ሰዎች ተያያዙ እንበል። አንዱ ድንጋይ አነሳ። ከዳር ያሉ እናት «በሕግ አምላክ!» አሉ። ድንጋዩ እጁ ላይ ቀረ። ካቴና የለ፣ ሽጉጥ የለ፣ የደንብ ልብስ የለ። የአንዲት እናት ቃል ብቻ! ከዱላ በቀር የማይገባው ሰው ቢሆን በቃል ድንጋይ ይጥል ነበር? አንተን ግን ይኸው በስንት ቃል ልመልስህ ስታገል አልመለስ ብለሃል። ታዲያ ያልገባው ማነው?

አባቶችህ እንዴት ይሟገቱ እንደነበር የነገረህ የለም? ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ አቀበቱን አብረው ወጥተው፣ ቁልቁለቱን አብረው ወርደው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። አንተ ሂሳብ ሲመጣ ከወዳጅህ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቆየት ያቅትሃል፤ እነሱ ከባላንጣቸው ጋር ታስረው ፍርድ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ይጓዙ ነበር። ዳኛው ሩቅ ከሆነም መንገደኛ ይቆማል፤ «ፍረደን» ይባላል፤ የዛፍ ጥላ ችሎት ይሆናል። ተሟጋቹ ኩታውን አሳምሮ ያጣፋል፤ «በላ ልበልሃ!» ይላል፤ ነገሩን በቅኔ ይጠመዝዘዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ችሎት የቆመውን ሕዝብ ነው ችሎታ የለውም የምትለው? ዱላ ካልክም ዱላ ነበረ፤ ተሟጋቹ ተደግፎት ይናገርበት ነበር።

ውርርዱስ! «ማር እሰጥ!» ይላል አንዱ። «አገባ!» ይላል ሌላው። በእውነቱ የተማመነ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳል፤ የተረታ ይከፍላል። ፍርዱ ያልጣመው ይግባኝ እያለ እስከ ዙፋን ችሎት ይዘልቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍርዱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስጠት አልዘነጉም። አንተ እስካሁን የተወራረድከው በአርሰናልና በማንቼ ነው፤ እሱንም ተበልተህ አልከፈልክም።

«ሌባ ሻይስ?» አልከኝ። እውነትህን ነው፤ ለአንድ ብላቴና መጠጥ አጠጥቶ፣ ተንገዳግዶ የወደቀበትን ቤት «የሌባ ቤት» ማለት ነውር ነበር። ስንቱ ንጹሕ ሰው ተዋርዶበታል። «አውጫጭኝስ?» አልክ። እሱም መንደሩን በሙሉ ሌባውን እስኪያወጣ ከሥራ አግዶ የሚያውል ነበር። ሁለቱም ቀሩ። በምን ቀሩ? በተሻለ ሕግ! በዱላ የቀረ ክፉ ልማድ ካለህ አምጣውና እንየው። እጠብቅሃለሁ፤ መጠበቅ ፍርድ ቤት ለምደናል።

አሁን ደግሞ ዞርክና «ሕጉ የፈረንጅ ነው፤ በኛ ልክ አልተሰፋም» አልክ። በጣልያን ማኪያቶ ላይ ተደፍተህ የፈረንጅ ነገር አይስማማኝም ትላለህ? ፍትሐ ነገሥትም ግብፅ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ የተሰናዳ ነው። ወደ ግዕዝ ገባ፤ ሊቃውንቱ በትርጓሜ አብላሉት፤ ለዘመናት ተፈረደበት። በ1923 የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ሀበሻ። 55 አንቀጽ ነበረው። ንጉሡን ከሁሉ በላይ ያስቀመጠ ሕግ ነበር፤ ይሄን አልሸሽግህም። ግን ንጉሥም እንኳ ሥልጣኑን ጽፎ ማሳየት ግድ ሆኖበታል። ያለ ወረቀት ልግዛ የምትለው አንተ ብቻ ነህ።

ከ1949 እስከ 1958 ደግሞ ስድስት ትልልቅ ሕጎች ወጡ። ወንጀሉን የስዊዙ ዣን ግራቨን፣ ፍትሐ ብሔሩን የፈረንሳዩ ሬኔ ዳቪድ አረቀቁት። ፍትሐ ብሔሩ ብቻ 3,367 አንቀጽ አለው። ስንቱን አነበብክ? አንዱንም! አዋጅ ሳታነብ አዋቂ ሆንክ። እስቲ መርካቶ ውረድና ቅቤ ነጋዴዋን ጠይቃት። «ውል አለን»፣ «ምስክር አለኝ»፣ «ይርጋ አያግደኝም» ትልሃለች። ሬኔ ዳቪድን አታውቀውም፤ የጻፈውን ግን ካንተ በላይ ታውቀዋለች። ለምን? ዱቤ ትሰጣለቻ! ዱቤ የሚሰጥ ሕግ ያውቃል፤ የማያውቀው ዱቤ የሚበላው ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ቅር ይለኛል፤ ይሄን ለታዳሚው ነው የምናገረው። የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበረውን የልማድ ሕግ ሁሉ በአንድ ብዕር ሰረዘው። የጉራጌ የጆካ አለ። የሲዳማ አፊኒ አለ። ቦረናዎች በገዳ ሥርዓታቸው በየ8 ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስበው ሕጋቸውን ይመረምራሉ፤ የሚታደሰውን ያድሳሉ፣ ያረጀውን ያስቀራሉ። ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ መጥረግ ስሕተት ነበር። ደግነቱ ወረቀት ሰረዘው እንጂ ሰው አልሰረዘውም፤ የገዳን ሥርዓት ዩኔስኮ በ2009 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሰማህ? ሕግ የለውም ያልከው ሕዝብ ሕግ ተርፎታል። ያጠረህ አንተን ነው።

«በቃ እንግዲያው! ሽማግሌ ካለ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል?» አልክ። ሽምግልናን አከብራለሁ። ደም ያደርቃል፤ ባልና ሚስት ያስታርቃል። ግን ሽማግሌው ሁሉ ወንድ፣ የተጠለፈችው ልጅ ጓዳ ውስጥ ስትሆን «ታርቀናል» ያለው ማነው? የድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ቢሆን ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ አገባኋት ካለ ክሱን ያስቀርለት ነበር። ጠላፊ ጥልፍ ቀሚስ ገዝቶ ከወንጀሉ ይታጠብ ነበር! ያንን ቀዳዳ የደፈነው ያንተ ዱላ ነው? ሴቶች ናቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ጥብቅና ቆሞ፣ ደጅ ጠንቶ፣ አቤት ብሎ ነው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሴቱም ለወንዱም 18 አደረገው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋው። ጠለፋ ጨርሶ ጠፋ አልልህም። ጠላፊው ግን ዛሬ ሰርግ ሳይሆን ክስ ይጠብቀዋል።

አንተ «ሰበር» ሲባል የሚመጣብህ ዜና ነው። ዜናውም ሰበር፣ ወሬውም ስብርባሪ። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያውቀው ሌላው ሰው ነው። ከደቡብ አንዲት አክስት ያሳደገችውን ልጅ አባትየው «የኔ ነው» ብሎ ጠየቀ። የበታች ፍርድ ቤቶች ለአባት ወሰኑ። አክስት ዱላ አላነሳችም፤ ልጁን ይዛ አልጠፋችም። ይግባኝ አለች። ተረታች። ቀጠለች። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶችን ኮንቬንሽን ጠቅሶ ከሁሉም የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ፤ ልጁም ከአክስቱ ጋር እንዲኖር ፈረደ። የሰበር ትርጉም የሀገሪቱን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል። አንዲት አክስት እየተረታች ሄዳ ሄዳ የሀገር ሕግ አቀናች! አንተ ደግሞ አንዴ የትራፊክ ቅጣት ተጽፎብህ «ይቺ ሀገር አለቀላት» ብለሃል።

«ፍርድ ቤቱ ራሱ መች ይሠራል?» አልክ። እዚህ ላይ የደረስክበትን አይቻለሁ፤ ቦታው እውነት ነው፣ አንተ ግን በተሳሳተ በር ገባህ። ና፣ የፍርድ ቤቱን ግቢ ላሳይህ። ጠዋት 2:30 ነው። ሰዎች ከበሩ ጀምረው ተሰልፈዋል። ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለዋል፤ ዝናብ እንዳይነካው ፌስታሉን በሌላ ፌስታል። ነጭ ነጠላ ለብሰው የመጡ አሉ፤ ችሎት ስለሆነ ነው የለበሱት፣ ክብር ስላላቸው። ስም ጠሪው ይወጣል። «መዝገቡ አልደረሰም።» «ዳኛዋ ሥልጠና ላይ ናቸው።» «ሲስተም የለም።» «ምስክር አልተሟላም።» «ለብይን ተቀጥሯል።» ጉዳዩ እየወፈረ ባለጉዳዩ እየቀጠነ ይሄዳል። ይሄ በደል ነው፤ አለባብሼ አልነግርህም። ፍርድ ሲዘገይ የሚበላው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የትራንስፖርቱን፣ የዘሩን፣ የልጁን ደብተር ገንዘብ ነው። ግን በቀጠሮው ቀን ያ ሰው ምን ያደርጋል? ይመጣል! ያቺው ፌስታል፣ ያው ነጠላ።

እስቲ አስብ፤ ማሰብ አይከፈልበትም። ዱላ ቅርብ ነው። ከደጁ ካለው ዛፍ ይቆረጣል፤ ቀጠሮ የለው፣ ቴምብር የለው፣ ኮፒ በሦስት ቅጂ አይል። ፍርድ ቤቱ ሩቅ ነው። ሌሊት ተነስቶ፣ መኪና ይዞ፣ ጾሙን ውሎ «ተቀጥሯል» የሚባል ሰው ያንን ቅርብ ዱላ አልፎት ነው የመጣው። ዛፉን አይቶ አለፈው! ድንበሩን የገፋበት ጎረቤቱም አጠገቡ ተሰልፏል። ሁለቱም ዱላ አላቸው፤ ሁለቱም ቤታቸው ትተውት መጥተዋል። ሕግ ያልገባው ሕዝብ ይህ ነው?

«ሕዝቡ ነው ጉቦ የሚሰጠው» አልክ፤ ነገር ልታዞር። ተቀባይ ሳይኖር ሰጪ አለ? ወንበር ላይ ያለው እጁን ዘረጋ፣ ቆሞ የዋለው ኪሱን ዳበሰ። አንተ የቆመውን ትገርፋለህ። እጅህ ወንበር ጋ ሲደርስ ይዝላል።

ደግሞ ያንተ ዱላ አልተሞከረም ያለህ ማነው? በደንብ ተሞክሯል! ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች። «አብዮታዊ እርምጃ» ተባለ፤ ችሎት አልነበረም፣ ጠበቃ አልነበረም፣ ይግባኝ አልነበረም። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ፤ የድሃው ልጅ በየመንገዱ ተጣለ፣ እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች። ዱላ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ሀገር ሲመራ ያየነው ያኔ ነው። ሀገር ቀና? ቀጥሎ የሆነውን ግን ስማ። እነዚያው የደርግ ባለሥልጣናት ተይዘው በ1987 ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጠበቃ ቆመላቸው፤ ምስክር ተሰማ፤ ተከራከሩ። 12 ዓመት ፈጀ፤ በታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠ። ረጅም ነው፤ እንከን አልነበረበትም አልልም። ልጆቻቸውን ያለ ፍርድ የተነጠቁ እናቶች ግን ገዳዮቹ በፍርድ ሲዳኙ ችሎት ቁጭ ብለው ሰሙ። ዱላ ይዘው የሚመጡበት ምክንያት ከሁሉም በላይ የነበራቸው እነሱ ነበሩ፤ ይዘው የመጡት ፎቶግራፍና ምስክርነት ነው።

ገና አልጨረስኩም፤ ቁጭ በል። ሕግ ያልገባው ማን እንደሆነ በስም ልንገርህ። 1993 ዓ.ም.፤ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ችሎት ቀረቡ። ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። ተለቀቁ። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። በዚያው ሰሞን ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስ እንዳያገኝ የሚል ሕግ አወጣ። አቶ ስዬን ውደድ፣ ጥላ፤ ጉዳያችን እሳቸው አይደሉም። ትዕዛዙ ያልገባው የትኛው ገበሬ ነው? የትኛዋ ቅቤ ነጋዴ ናት? ትዕዛዙ ያልገባው በር ላይ መሣሪያ ይዞ የቆመው ነው፤ ያዘዘው ነው። ዱላ የያዘው እጅ! መድኃኒት ብለህ ያዘዝክልን በሽታውን ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ይሄን የሚቆጥር ማን መሰለህ? ጣቢያ ስንቅ የምታመላልሰው እናት ናት። ሳህኗን በጨርቅ ቋጥራ በሩ ላይ ቆማ «48 ሰዓቱ አልፏል እኮ» ትላለች። ውስጥ ያለው መርማሪ «ተጨማሪ 14 ቀን ይሰጠኝ» ይላል። ከሁለቱ ሕግ የገባው የትኛው ነው? አንቀጹን ዘርዝሪ ብትላት ቁጥሩ ይጠፋት ይሆናል። ልጇ የገባበትን ሰዓት ግን አትስተውም።

አሁን ደረትህን ነፋህ። «እኔ ሕጉን አላውቅም፤ ሀገሬን ግን እወዳለሁ» አልክ። ሩጫ ስናሸንፍ ባንዲራ ለብሰህ እንዳለቀስክ አውቃለሁ፤ እኔም አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። በዚያ ቀን ሁላችንም አንድ ነን። ጥያቄው ሰኞ ጠዋት ነው! ሀገር ሰኞ ጠዋት የምትገኘው ቀበሌ መስኮት ላይ ነው። መታወቂያ ልታድስ፣ የልደት ካርድ ልታወጣ፣ ካርታ ልትጠይቅ ትሄዳለህ። ዜጋ ሲመጣ መስኮት ዘጋ! «ነገ ና።» «ማኅተም ያዡ ወጥቷል።» «አንተ ግን ከየት ነህ?» በዚያች መስኮት አንዱ በስሙ ብቻ ቶሎ ተስተናግዶ ሌላው በስሙ ብቻ ከተመለሰ፣ የእሑዱን ባንዲራ ሰኞ ቀደድነው ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። የፋይዳ ቁጥር አውጥተህ ይሆናል፤ ካርዱ ላይ ብሔር አልተጻፈም። ጠያቂው ግን ከካርዱ ያጣውን ከስምህ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ «ሀገሬን እወዳለሁ» ብሎ ዝም ማለት ፋይዳ ቢስ ነው።

ዜግነት ስሜት ብቻ ነው ካልክ የ1922ቱን የዜግነት ሕግ አንብብ። ኢትዮጵያዊት የውጭ ዜጋ ካገባችና የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር። ስሜቷን ማን ጠየቃት? ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ጋብቻ ዜግነት አያሳጣም፣ ማንም ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። ይህ አንቀጽ ተጽፎ እያለ ነው በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ እዚህ ተወልደው፣ እዚህ አግብተው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው የኖሩ የኤርትራ ትውልድ ያላቸው ሰዎች በአሥር ሺዎች የተባረሩት። ከወዲያኛውም ወገን ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። ጎረቤት ጎረቤቱን በአውቶብስ ሸኘ። ያን ጊዜ የሀገር ፍቅር አልጎደለም፤ ሞልቶ ፈሶ ነበር። የጎደለው አንቀጽ 33ን ይዞ በሩ ላይ የሚቆም ነው። ፍቅርህ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ካላስቆመ ለምን ይጠቅማል?

«ጉልበት ያለው ሀገር ነው የሚከበር» አልክ። አቤት ጉልበት! ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር አዳራሽ፣ ጉልበትና መርዝ ጋዝ የነበራት ጣልያን ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱ የያዙት አቤቱታ ነበር። በዚያ አዳራሽ ያፏጩት የጣልያን ጋዜጠኞች ዛሬ በማን ይታወሳሉ? አቤቱታው ግን እስካሁን ይነበባል። ከዚያ በኋላ ይቺ «ሕግ አይገባትም» የምትላት ሀገር ምን አደረገች መሰለህ? በ1953 ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው የዓለም ፍርድ ቤት ከሰሰች። ስለ ራሷ መሬት እንዳይመስልህ! ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ስለ ዛሬዋ ናሚቢያ። እዚያ አንድ ጋሻ መሬት አልነበራትም። ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተሟገተች። ሐምሌ 1958 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ወሰነ፤ በክሱ የሚያቆማችሁ መብት የላችሁም ተባለ። «ምን አገባችሁ?» ነው ነገሩ። አገባን እንጂ! ዘንድሮ የተረታ ክስ ለከርሞ ይበስላል። ጉዳዩ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1959 መግቢያ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ። በ1963 ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ እዚያ መቀመጧ ሕገ ወጥ ነው አለ። በ1982 ናሚቢያ ባንዲራዋን ሰቀለች። ቁራኛ ተቋጥሮ ያደገ ሕዝብ ከአፓርታይድ ጋር ተቋጥሮ ሄግ ድረስ ሄደ! ያንተ ዱላ ጎረቤት ግቢ አይሻገርም።

«ሀበሻ እኮ ውጭ ሲሄድ ሕግ ያከብራል» አልክ። ተመስገን፣ አሁን ገና ለኔ መሰከርክ! ያው ሀበሻ ነው። ዋሽንግተን ሲገባ አንጎሉን አልቀየሩለትም። ሕጉን ሲያከብር ሕጉም የሚያከብረው መሆኑን ስላየ ነው። ባላየበት ቦታ ደግሞ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የደንብ ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ሲታይ፣ ወገኖቹ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ አደባባይ ወጥተው ፍትሕ ጠየቁ። ሌላ ቦታ ደግሞ የሚጠየቅበት አደባባይ የለም። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የቆለፈባት ልጅ አለች፤ ደመወዟን ስትጠይቅ በር ይዘጋባታል። ለእሷ «ዜጋዬ ናት» የሚል ሕግ፣ ስልኳን የሚያነሳ ኤምባሲ ያስፈልጋታል። ዱላማ እዚያም ሞልቶላታል።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?» ብለህ ድምፅህን ዝቅ አደረግክ። ዝቅታው ያምርብሃል። ፍቱት ያለ ትዕዛዝ በር ላይ አይፈታ፣ ሰውየው ይፈታ። መዝገቡ ይገኝ። ዳኛ ሲፈርድ ስልክ አይደወልለት። መስኮቱ ይከፈት፤ ከመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ጉዳይህን ይጠይቅህ እንጂ አያትህን አይጠይቅህ። ዳኞች ይጨመሩ፤ ለሕግ የቆሙ አሉ፣ ተደራርቦባቸው ሌሊት መዝገብ የሚያነቡ፣ በቀበሌ ቤት ተከራይተው በታክሲ ተጋፍተው ችሎት የሚደርሱ፣ የታዘዙትን ሳይሆን የተጻፈውን የሚፈርዱ። እነሱን አይቼ ነው በዚህ ሕዝብና በዚህ ወንበር ተስፋ ያልቆረጥኩት።

አላመንክም? መልካም፤ በአባቶቻችን ደንብ እንጨርሰው። ሰኞ ጠዋት 2:30 አንደኛ ደረጃ ፍርድ ቤት በር ላይ እንገናኝ። ዱላህን ለዘበኛው ትሰጣለህ፤ ፌስታል የያዙትን ሁሉ አንድ በአንድ «ዱላ ይሻልሃል ወይስ ፍርድ?» ብለህ ትጠይቃለህ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ለኔ ዱላ» ካለህ ረታኸኝ። ማር እሰጥ! አነሰህ? በቅሎ እሰጥ! ሰዎች፣ ምስክር ናችሁ። በል እንጂ፣ «አገባ» በል!